ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ



ወጣት ባለበት ቤት የመኪና ወሬ አይጠፋም። አንዱ ስለ ፍጥነቷ፣ ሌላው ስለ ሞተሯ ጉልበት፣ ሦስተኛው ስለ ጎማዋ ስፋት ሲከራከሩ ያመሻሉ። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ብረትን አቅልጦና ቀጥቅጦ ለጥቅም ማዋል አላህ (ሱ.ወ) ለሰው ልጅ ከሰጠው ጸጋ አንዱ ነው። ይሁንና በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ የምትረሳ አንዲት ጥያቄ አለች። ይኸውም ‹‹መኪናዋ ማንን ልትጭን ነው?›› የምትለው ናት።

እኛ ከሰኞ እስከ ዓርብ ፊዚክስ የምናስተምር፣ ልጅነታችንንም ጠዋት በመድረሳ ከሰዓት በኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያሳለፍን ሰዎች ነን። በ2010 ዓ.ም. ቤተሰባችን ኮልፌ በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ አንዲት አሮጌ ቮልስ ፈትቶ ጭቃ የምትወጣ መኪና አድርጓት ነበር። ሥራው ዘጠኝ ወር ፈጀ። በዘጠኙ ወር ውስጥ ያየነውን ለእናንተ ማካፈሉ፣ በተለይ እጃቸው ሥራ ለሚወድ ወጣቶች፣ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ክረምትና አረፋ ሲገናኙ

የእናታችን አገር ስልጤ ዞን ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወራቤ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ የሚጀምረው ከአስፋልቱ ወርደን ወደ ቀበሌያችን ስንገባ ባለው 14 ኪሎ ሜትር ላይ ነበር። አፈሩ በአብዛኛው ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ በበጋ ተሰነጣጥቆ የሰው እግር ያስገባል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ያብጥና እንደ ሊጥ እየተለጠፈ ጎማ ላይ ይጠቀለላል። በሰኔ የገባበት መኪና እስከ መስከረም እዚያው ሊቆይ ይችላል ሲባል ቀልድ አልነበረም።

እንደሚታወቀው የስልጤና የጉራጌ ሙስሊም ለአረፋ አገሩ ይገባል። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ ተማሪው ደብተሩን አጥፎ ወደ ወላጆቹ ይተማል። የሒጅራው ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ በዓሉ በየዓመቱ እየቀደመ ይመጣል። በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ 26 ቀን፣ በ2010 ነሐሴ 15፣ በ2011 ነሐሴ 5፣ በ2012 ሐምሌ 24 ቀን ዋለ። እንግዲህ ለተከታታይ ዓመታት አረፋ የክረምቱ እምብርት ላይ ወደቀ ማለት ነው።

አባታችን በ2009 ጥር ወር ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። እናታችንም ዒዳቸውን እንደጨረሱ አልጋ ላይ የዋሉትን እናታቸውን ሊያስታምሙ አገር ገቡ። በዚያ ዓመት አረፋ ልጆች ሁሉ ተሰባስበን ወደ እርሳቸው ስንሄድ ሚኒባሱ አስፋልቱ ላይ አራግፎን ተመለሰ። ጫማችንን በእጃችን ይዘን ጉዞ ጀመርን። ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ስምንት ወጣቶች ቃሬዛ ተሸክመው ከፊታችን መጡ። ምጥ የያዛት ሴት ነበረች። ተሸካሚዎቹ እየተንሸራተቱ ይወድቃሉ፤ ሲነሱ ደግሞ ቃሬዛውን አስቀድመው ያነሳሉ። እኛም ሻንጣችንን ለእህቶቻችን ትተን ተራ ገብተን ተሸከምን። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ሴትዮዋ ተረፈች፤ ልጇ ግን አልተረፈም።

‹‹ቀደር ነው›› አሉ ሽማግሌዎቹ። በእርግጥም በቀደር እናምናለን። ነገር ግን በቀደር ማመን ሰበብ ከማድረስ አያሰናብትም። ከበዓሉ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ በቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም።

የማን ናት?

ግቢያችን ጥግ ላይ የአባታችን ቮልስ ቆማ ነበር። የ1965 እ.ኤ.አ. ሞዴል፣ ሞተሯ 1,200 ሲሲ፣ ጉልበቷ 34 የፈረስ ጉልበት። በብየዳ ሥራ የሚተዳደረው ታናሽ ወንድማችን አንድ ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ ዙሪያዋን ሲዞር ቆየና ‹‹ኡስታዝ፣ ይቺን ለጭቃ ብናደርጋትስ?›› አለ። ቤት ውስጥ ሲያሾፍብን ‹‹ኡስታዝ›› ይለናል።

መልሳችን ‹‹መጀመሪያ የማን ናት?›› የሚል ነበር። በመድረሳ ፈራኢድ ስንቀራ ኡስታዛችን በሰሌዳ ላይ የሞተ ሰው ግመልና በግ ሲያካፍሉ ይሰለቸን ነበር። ያ ትምህርት የሚያስፈልግበት ቀን ደረሰ። የአባታችን ዕዳ ቀድሞ ተከፍሏል። ወላጆቻቸው ከእርሳቸው በፊት ስላለፉ ወራሾቹ እናታችን፣ ሁለት ወንድ ልጆችና ሁለት ሴት ልጆች ነን። እናታችን አንድ ስምንተኛ ያገኛሉ። ቀሪው ለልጆች ሲከፈል ወንዱ የሴቷን እጥፍ ይወስዳል። ስለዚህ ንብረቱ 48 ቦታ ቢከፈል 6ቱ የእናታችን፣ 14 14ቱ የወንዶቹ፣ 7 7ቱ የሴቶቹ ነው።

ሁለት የመኪና ባለሙያዎች ጠርተን አስገመትናት፤ 72,000 ብር አሉ። እናንተም አስሉት፦ የእናታችን ድርሻ 9,000፣ የእያንዳንዳችን የወንዶቹ 21,000፣ የእያንዳንዷ እህታችን 10,500 ብር ይሆናል። እናታችን በስልክ ስንነግራቸው ‹‹የእኔን ለአባታችሁ ሰደቃ አድርጉት›› አሉ። ሒሳብ ያዥ የሆነችው ታላቅ እህታችንም ድርሻዋን ሰጠች፤ ግን ‹‹ወረቀት ላይ ይስፈር›› ብላ አስፈረመችን። ትንሿ እህታችን ያኔ 13 ዓመቷ ነበር። እርሷም ‹‹ሰጥቻለሁ›› ብላ ዘለለች። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ሐቁን ቢሰጥ ግን ስጦታው አይያዝበትም። ስለዚህ 10,500 ብሯን ከኪሳችን አዋጥተን ከወለድ ነፃ በሆነ የባንክ ሒሳብ በስሟ አስቀመጥን። የመጀመሪያው ብረት የተቆረጠው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ቮልስ ለምን?

ብዙ ሰው ‹‹ለጭቃ ከሆነ ላንድክሩዘር እንጂ ቮልስ ምን ታደርጋለች?›› ብሎን ነበር። ላንድክሩዘር የሚገዛ ገንዘብ አለመኖሩ አንድ ነገር ነው። ከዚያ ባሻገር ግን ቮልስ የራሷ ታሪክ አላት።

ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቮልስ አካል ኩቤልቫገን የምትባል የጦር መኪና ሠርተው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1945 ወደ 50,000 ያህል ተመርታለች። የሚነዱት ሁለቱ የኋላ ጎማዎቿ ብቻ ሲሆኑ በሰሜን አፍሪካ አሸዋና በሩሲያ ጭቃ ላይ ከባባዶቹ የሚቀሩበትን ታልፍ ነበር። ምሥጢሩ ቅለቷ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ብሩስ ሜየርስ የተባለ በካሊፎርኒያ የሚኖር ጀልባ ሠሪ ይህንኑ ነገር ለሰላም ሥራ አዋለው። በ1964 እ.ኤ.አ. በኒውፖርት ቢች ከጀልባ መሥሪያው ፋይበር ግላስ አካል ቀርጾ የቮልስ ሞተርና እግር ገጠመለት፤ ‹‹ሜየርስ ማንክስ›› ብሎም ሰየማት። በኋላ ሠርቶ የሸጣቸው የቮልስን ወለል 36 ሳንቲ ሜትር ያህል አሳጥሮ ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. ከአንድ ጓደኛው ጋር በሜክሲኮ ባሃ በረሃ ከላ ፓዝ እስከ ቲኋና ያለውን መንገድ በ34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ጨርሶ የነበረውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ይሁንና ቅርጿን በርካታ ድርጅቶች ገልብጠው ሸጡበት፤ ፍርድ ቤትም የፈጠራ መብቱን አላጸናለትም። ሰውየው በ2021 እ.ኤ.አ. በ94 ዓመቱ አረፈ። የሰው የእጅ ሥራና ሐሳብ ሐቅ እንዳለው የሚያስታውስ ታሪክ ነው።

ታዲያ ቮልስ ለዚህ ሥራ የምትመቸው ስለምንድነው? አንደኛ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ የሚነዱት ጎማዎችም ከኋላ ናቸው። ክብደቱ በሚገፋው ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ጎማው መሬቱን ይነክሳል። ሁለተኛ፣ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ራዲያተር የለ፣ የሚፈላ ውኃ የለ። ሦስተኛ፣ አካሏ ከወለሏ ጋር የተያያዘው በቡሎን ስለሆነ ቁልፍ ያለው ሰው ሊፈታት ይችላል። አራተኛ፣ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተች መለዋወጫዋ በሶማሌ ተራም ሆነ በምናለሽ ተራ ፈልጎ አይታጣም።

በግቢው ውስጥ

ሥራውን የጀመርነው ከሊብሬው ነው። ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደን ልንለውጥ ያሰብነውን አስረዳን። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ እንዳይነካ፣ ሥራው ሲያልቅም መኪናዋ ተመርምራ ለውጡ እንዲመዘገብ ተነገረን። በቮልስ የሻንሲው ቁጥር የሚገኘው ከኋላ ወንበር ሥር በመሐለኛው ዋሻ ላይ ተመትቶ ነው፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው ሥር ነው። ወንድማችን ሁለቱንም ቦታ በቀይ ቀለም ከበባቸውና ‹‹ሐራም ክልል›› ብሎ ጻፈባቸው።

ሰፈራችን ውስጥ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቮልስ የጠገኑ አንድ ሐጂ አሉ። በየቅዳሜው ከዙሁር በኋላ መጥተው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቡናቸውን ይጠጣሉ፤ እጃቸውን ብረት ሳያስነኩ ይመክሩናል። ወንድማችን እንደ ሜየርስ ወለሏን ላሳጥር ሲል ‹‹ልጄ፣ ወለሏ ጀርባዋ ነው። ጀርባውን ቆርጦ የቀጠለ ሰው ሸክም አይሸከምም። ያ ሰውዬ ለአሸዋ ጨዋታ ነው የሠራት፤ አንተ ለበሽተኛ ነው›› አሉት። ስለዚህ ወለሏን ሳንነካ፣ ጣሪያዋንም ሳናነሳ ሠራን። ፓራፋንጎዎቿን ቆርጠን አሳጠርን፤ የፊትና የኋላ አፍንጫዋን አንስተን በቱቦ ብረት ተካን። እንዲህ ሲሆን ገደል ስትወጣም ሆነ ቦይ ስትሻገር አፍንጫዋ መሬት አይነካም። ከውስጥ ደግሞ ብትገለበጥ ጣሪያው ሰው ላይ እንዳይወርድ ወፍራም የቱቦ ቀስት ገጠምንላት።

ማንኛውም ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የቤንዚኑ ሰልባትዮ ወጣ። የቮልስ ሰልባትዮ ከፊት፣ ከተሳፋሪው እግር በላይ ነው ያለው። ቤንዚን ከሞላበት ይልቅ ጭሱ የቀረበት ባዶ ሰልባትዮ ይበልጥ እንደሚፈነዳ ወንድማችን ከሙያው ያውቃል። ለዓመታት የደረቀውን የቤንዚን ጎማ ቱቦም በአዲስ ለወጥነው፤ ብዙ ቮልስ በእሳት የሚያልቀው በዚህች ትንሽ ቱቦ መሰንጠቅ ነውና።

የኋላዋን በጣም ከፍ የማድረግ ሐሳብም ነበር። ሐጂ በዚህም አልተስማሙም። በአሮጌዎቹ ቮልሶች የኋላ ጎማና ሴሚያክሱ አብረው እንደ ክንፍ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ከመጠን በላይ ከፍ ከተደረገች በጥምዝ ላይ ጎማው ወደ ሥሯ ይታጠፍና ትገለብጣለች። አራት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አደረግናት።

አንድ ጎረቤታችን ደግሞ የአሮጌ ቮልስ ኮምቢ የኋላ እግር ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የነበሩት ኮምቢዎች ጎማው ጋ ተጨማሪ ጥርስ ስላላቸው ከፍ ይላሉ፤ ጉልበትም አላቸው። ልንገዛ ስንል ሐጂ ሳቁ። ያ ተጨማሪ ጥርስ አዟዟሩን ይገለብጠዋል፤ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ጥርስ ወደ ሌላው ጎን ካልዞረ መኪናዋ አራት ማርሽ ወደኋላ፣ አንድ ማርሽ ወደፊት ይኖራታል። ‹‹ወደ ስልጤ በጀርባችሁ ልትገቡ ነው?›› አሉን።

ሞተር ወይስ ፍሬን?

በመጋቢት ወር እጃችን ላይ 11,000 ብር ቀረ። ቤት ውስጥ ጸብ የተነሳውም ያኔ ነው። ወንድማችን አንድ 1,600 ሲሲ ሞተር አግኝቷል። ‹‹34 የፈረስ ጉልበት ይዘን በዚያ ጭቃ አምስት ሰው? እየገፋናት ልንገባ ነው›› አለ። ታላቅ እህታችን ደግሞ የሒሳብ ደብተሯን ገልጣ ‹‹ፍሬኑስ?›› አለች።

የ1965ቷ ቮልስ የፍሬን ዘይቷ የሚሄደው በአንድ መስመር ነው። ዋናው ፖምፓ አንድ፣ መስመሩ አንድ። በአራቱ ጎማ ካሉት ትናንሽ ፖምፓዎች አንዷ ብታፈስ የአራቱም ፍሬን ይጠፋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የመጡት ሞዴሎች ግን ዋናው ፖምፓ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የፊቱ ቢጠፋ የኋላው፣ የኋላው ቢጠፋ የፊቱ ይቀራል። ይህንን ለመግጠም ፖምፓው፣ አዲሱ የዘይት ቧንቧ፣ ሸራውና ትናንሾቹ ፖምፓዎች ሁሉ ተደምረው ያቺኑ 11,000 ብር ይፈጃሉ። ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ ሆነ።

ሁለት ሳምንት ተኮራረፍን። ወንድማችን ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ጉልበት ያጣች መኪና ጭቃ ውስጥ ብትቀር በሽተኛው ያው መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። በመጨረሻ ሐጂን ጠየቅናቸው። ‹‹መጀመሪያ የምትቆም አድርጓት፤ መሄዱን እሷ ታውቅበታለች›› አሉ። ወንድማችን ዝም አለ፤ በማግስቱም ራሱ ሄዶ የፍሬኑን ዕቃ ገዝቶ መጣ።

በግንቦት ወር ለሙከራ ወደ እንጦጦ ወጣን። ሰው ላለመጫን አራት ሰው የሚመዝን አሸዋ በጆንያ አደረግንባት። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣችው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ከጥምዙ በፊት ፍሬን ሲረገጥ ፔዳሉ ከወትሮው ወደ ታች ሰመጠ። ወንድማችን ‹‹ያ አላህ!›› አለ። መኪናዋ ግን ቀስ እያለች በፊት ጎማዎቿ ያዘች፤ በእጅ ፍሬኑም ታግዛ ከመንገዱ ዳር ቆመች። ወርደን ስናይ የኋላ ግራ ጎማ በዘይት ርሷል። ‹‹አዲስ›› ተብላ የተሸጠችልን ትንሽ ፖምፓ አሮጌ ሆና በአሸዋ ወረቀት ተወልውላ በአዲስ ካርቶን የታሸገች ነበረች። ሻጩ መልስልን ብንለው አሻፈረኝ አለ። ያ ነጋዴ ያተረፈው ጥቂት መቶ ብር ነው፤ የሸጠው ግን የሰው ነፍስ ነበር።

ወንድማችን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ገደሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ቀን በኋላ የ1,600ውን ሞተር ስም ሲያነሳ ሰምተነው አናውቅም።

ሁለቱ እጀታዎች

ጉልበት ካልጨመርን ያለንን ጉልበት አለማባከን ነበረብን። ተማሪዎቻችንን ስናስተምር ዲፈረንሻልን እንዲህ እናስረዳለን፦ መኪና ስትታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው ይበልጥ መንገድ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁለቱ የተለያየ ፍጥነት እንዲኖራቸው የሚያስችል ጥርስ በመካከላቸው አለ። ይህ በአስፋልት ላይ ጸጋ ነው፤ በጭቃ ግን መከራ ይሆናል። አንዱ ጎማ ሲያንሸራትተው ባዶውን ይሽከረከራል፤ ደረቅ መሬት የያዘው ሌላኛው ዝም ብሎ ይቆማል።

መፍትሔው ያለው የእርሻ ትራክተር ላይ ነው። ትራክተር ለግራና ለቀኝ የኋላ ጎማ የተለያየ ፍሬን አለው። የሚሽከረከረውን ጎማ ብቻ ብትይዘው ጉልበቱ ወደ ሌላኛው ይሻገራል። የቮልስ የእጅ ፍሬን ደግሞ፣ ሱብሐነላህ፣ ከአንድ እጀታ ተነስቶ በሁለት ሽቦ ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ለየብቻ የሚሄድ ነው። የበረሃ ተወዳዳሪዎችም ይህንኑ ዘዴ ይጠቀሙበታል። ወንድማችን ከመጀመሪያው የእጅ ፍሬን አጠገብ ሁለት አጫጭር እጀታዎች ሠርቶ ለእያንዳንዱ ጎማ አንዳንድ አደረገ። ወጪው 400 ብር አይሞላም። ያን ያህል ጉልበት ልንገዛበት የነበረው 11,000 ብር ነበር!

የነሐሴ ጉዞ

መኪናዋ በሰኔ ተመርምራ ለውጡ በሊብሬዋ ላይ ሰፈረ። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ለአረፋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ፈጅር ሰግደን ቢስሚላህ ብለን ተነሳን። የጫንነው ዱቄት፣ ስኳር፣ ቡናና የሴት አያታችን መድኃኒት ነው። ከአስፋልቱ ስንወርድ ዝናቡ አላቆመም። የጎማውን ነፋስ ትንሽ ቀነስንና በሁለተኛ ማርሽ ሳንቸኩል ገባን።

ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ባለው ረባዳ ሜዳ ላይ ቆመች። የቀኝ ጎማዋ ጭቃ እየረጨ በባዶ ይሽከረከራል። ወንድማችን የቀኙን እጀታ ቀስ አድርጎ ሳበ። ጎማው ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ግራው መሬቱን ያዘ፤ መኪናዋም እንደ በሬ ተንጠራርታ ወጣች። 14ቱን ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ጨረስነው።

እናታችን ከደጃፍ ቆመው ዙሪያዋን ተመለከቷት። ‹‹አባታችሁ ቢያይዋት አያውቋትም›› ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ እንባቸው መጣ። ቀጥለው የጠየቁን ግን ስለ ጉልበቷ አልነበረም። ‹‹ለመሆኑ ትቆማለች?›› አሉ። ወንድማችን ወደ እኛ ዞር ብሎ አየና ‹‹ትቆማለች፣ እናቴ›› አላቸው።

በዓሉ ሲያልፍ መኪናዋን እዚያው ተውናት። መንጃ ፈቃድ ያለውን የአጎታችንን ልጅ ሁለቱን እጀታዎች አለማመድነው። ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋርም ደንብ ወጣ፦ ለሰርግ ማጀቢያ አትወጣም፤ ከበሽተኛ ገንዘብ አትቀበልም፤ ከአራት ሰው በላይ አትጭንም፤ ወንዝ ሲሞላ አትሻገርም። ቤንዚኗ ከመስጊዱ በራፍ በተቀመጠች የሰደቃ ሣጥን ይሸፈናል። የፊቱ የተሳፋሪ ወንበር ሲፈታ ከዳሽቦርዱ ሥር እስከ ኋላ ወንበር ጣውላ ተዘርግቶ ሰው ይተኛበታል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሁለት ሊትር ተኩል የሞተር ዘይቷ፣ በየክረምቱ መግቢያ ደግሞ የፍሬን ዕቃዎቿ በሙሉ ይታያሉ።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. አንድ ሌሊት አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ጫነች። ያቺው በ2009 በቃሬዛ ያገኘናት ሴት ነበረች። ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቷም በሕይወት አለች፣ አልሐምዱሊላህ። እስከ 2014 ድረስ በአጎታችን ልጅ ደብተር ላይ የ23 ሰው ጉዞ ተመዝግቧል። ከእነዚያ ውስጥ ሁለቱ አጀላቸው ደርሶ ሆስፒታል ገብተው አርፈዋል። መንገድ ላይ የቀረ ግን የለም።

በ2014 መጨረሻ ወደ ቀበሌያችን የሚወስደው መንገድ ጠጠር ለበሰ። ዛሬ ባጃጅ እስከ መስጊዱ በራፍ ይገባል፤ አምቡላንስም ሲጠራ ይደርሳል። ቮልሷ ወደ ኮልፌ ተመልሳለች። ዲፈረንሻል ስናስተምር ተማሪዎቻችን መጥተው በክሪክ አንስተዋት አንዱን ጎማ ይይዙና ሌላኛው ሲዞር ያያሉ። ትንሿ እህታችንም አድጋ የባንክ ደብተሯን ተረክባለች፤ በገንዘቧ የልብስ ስፌት መኪና ገዛችበት።

ለወጣቶችና ለወላጆች

ውድ ወጣቶች! እጃችሁ ሥራ ከወደደ ደስ ይበላችሁ፤ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ቁልፉን ከማንሳታችሁ በፊት ዕቃው የማን እንደሆነ ጠይቁ። የቤት ሁሉ ነው ተብሎ የወላጅ አልባ ወይም የትንሽ ልጅ ሐቅ የሚበላው በጸብ ብቻ አይደለም፤ በመልካም ሐሳብም ይበላል። ሕጉን ጠይቁ፤ ሊብሬ ላይ የሌለ ለውጥ አደጋ ሲደርስ ተጠያቂ ያሳጣል። ከሙያው ሽማግሌ ሥር ተቀመጡ። እኛ በፊዚክስ መጽሐፍ ፈልገን የማናገኘውን ‹‹አራት ማርሽ ወደኋላ›› የነገሩን በርጩማ ላይ የተቀመጡ ሐጂ ናቸው።

ውድ ወላጆች! ልጃችሁ ግቢውን በብረትና በዘይት ሲያበላሸው ቶሎ አትቆጡ። ምን እየሠራ እንደሆነ ጠይቁት። ለማን እንደሚሠራው ግን ሳትጠይቁት አትለፉ።

መለዋወጫ የምትነግዱ ወንድሞችም የምትሸጧት ትንሽ ፖምፓ የት ቁልቁለት ላይ እንደምትፈተን አታውቁም። የገዢው ልጆች ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይሆናል።

ሰው የሚጭን ማንኛውም ነገር አማና ነው። ጉልበቱን ሁሉም ያያል፤ ያወድሰዋልም። ፍሬኑን የሚያየው ግን የሠራው ሰውና ጌታው ብቻ ነው። የእጅ ባለሙያ ተቅዋ የሚታወቀውም ሰው በማያየው በዚያ ቦታ ላይ ነው። አላህ ሥራችንን የሚጠቅም፣ እጃችንንም ታማኝ ያድርግልን። አሚን።